ለከርሰ ምድር የንዝረት ጥናት ቁጠባዊ የናሙና አወሳሰድ፦ ከደቡብ ጎንደር ደጋ አኳያ

መግቢያ

ከደብረ ታቦር ከተማ ቆሞ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ለሚመለከት ሰው የጉና ተራራ ጎልቶ ይታየዋል። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ4,100 ሜትር የሚበልጠው ይህ ተራራ ከ10 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከመሬት ሆድ በወጣ የቀለጠ ድንጋይ የተገነባ ጥንታዊ እሳተ ገሞራ ነው። ተራራው የቆመበት ሰፊ የባዛልት ንጣፍ ደግሞ ከእርሱ እጅግ ይቀድማል፤ ዕድሜው ወደ 30 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል። የርብና የጉማራ ወንዞች ከዚሁ ከፍተኛ ቦታ ተነሥተው በፎገራ ሜዳ በኩል ወደ ጣና ሐይቅ ይወርዳሉ። ይህን ሁሉ ተማሪ በዓይኑ ሊያየው፣ መምህርም በጣቱ ሊያሳየው ይችላል።

ከእግር በታች ያለው ግን እንዲህ አይደለም። አፈሩ ስንት ሜትር ወርዶ ከድንጋይ ይገናኛል? ጥቁሩ ድንጋይስ የት ላይ ያበቃል? ከሥሩ ምን ዓይነት አለት ተኝቷል? ውኃ የቋጠረው ንጣፍ በየት በኩል ያልፋል? ለትምህርት ቤት ጉድጓድ ለማስቆፈር ወይም ለሕንፃ መሠረት ለመጣል የሚያቅድ ሰው ሁሉ እነዚህን ጥያቄዎች ከመጋፈጥ አያመልጥም። ቁፋሮ መልሱን እንደሚሰጥ እሙን ነው፤ ሆኖም መሬቱን ሁሉ መቆፈር አይቻልም። በመሆኑም ባለሙያዎች ንዝረት ወደ መሬት ይልካሉ፤ ተመልሶ የሚመጣውንም በተመረጡ ጥቂት ነጥቦች ላይ ያዳምጣሉ። ይህም የሴይስሚክ ጥናት ይባላል።

እንግዲህ ዋናው ችግር ከዚህ ላይ ይነሣል። ነጥቦቹ ስንት ይሁኑ? በምን ያህልስ ይራራቁ? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የጥያቄውን መልስ ከመሠረቱ ማስረዳት ነው። የሚደርስበትም ቁም ነገር የነጥቦች መብዛት ብቻውን ወደ እውነት አያደርስም የሚል ነው፤ በሥርዓት የተቀመጡ ጥቂት ነጥቦች በዘፈቀደ ወይም በልማድ ከተቀመጡ ብዙ ነጥቦች ይበልጥ ይናገራሉ። ይህ ደግሞ የመሬት ተመራማሪውን ብቻ የሚመለከት አይደለም። ስለ ትምህርት ቤቶች መረጃ የሚሰበስበውም ሰው በዚያው ስሕተት ሊወድቅ ይችላል።

ሀ. ንዝረት ስለ ከርሰ ምድር እንዴት ይናገራል?

በመሬት ላይ በተነጠፈ ብረት ላይ በከባድ መዶሻ ቢመታ የንዝረት ሞገድ በሁሉም አቅጣጫ ይሰራጫል። ከምቱ ቦታ ጀምሮ በመስመር የተደረደሩ ጂኦፎን የተባሉ አነስተኛ የንዝረት መቀበያዎች ሞገዱ የደረሰበትን ጊዜና የእንቅስቃሴውን መጠን ይመዘግባሉ። ጥልቅ ነገር በሚፈለግበት ጊዜ በመዶሻ ፈንታ ፈንጂ ወይም መሬትን የሚያንቀጠቅጥ ከባድ ተሽከርካሪ ያገለግላል።

ሞገዱ በሁሉም ቁስ ውስጥ በእኩል ፍጥነት አይጓዝም። ደረቅና ልል አፈር ውስጥ በሴኮንድ ጥቂት መቶ ሜትሮች ብቻ ሊሄድ ይችላል፤ በውኃ ውስጥ ወደ 1,500 ሜትር፣ ባልተሰነጠቀ ባዛልት ውስጥ ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ ይጓዛል። ሁለት የተለያዩ ንጣፎች በሚገናኙበት ድንበር ላይ ከሞገዱ ከፊሉ ተንጸባርቆ ወደ ላይ ይመለሳል፤ ከፊሉ ደግሞ ታጥፎ በጠንካራው ንጣፍ ጀርባ ላይ ይሮጣል። በመጀመሪያው ላይ የተመሠረተው የነጸብራቅ ዘዴ፣ በሁለተኛው ላይ የተመሠረተው የስብረት ዘዴ ይባላል። የነጸብራቅ ዘዴ በመስክ የተፈተነው በ1921 በአሜሪካ ኦክላሆማ ውስጥ ሲሆን፣ ከሙከራው ጋር ስሙ የሚነሣው ጆን ካርቸር የተባለው የፊዚክስ ሊቅ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የስብረት ዘዴን ለተማሪ ለማስረዳት የመንገድ ምሳሌ ይበቃል። ከአንድ መንደር ተነሥተው ወደ አንድ ገበያ ከሚሄዱት ሁለት ሰዎች አንዱ በጭቃው አቋራጭ ይሄዳል፤ ሁለተኛው ዞሮ በጥርጊያው መንገድ ይጓዛል። ገበያው ቅርብ ከሆነ አቋራጭ የያዘው ይቀድማል። ሩቅ ከሆነ ግን ዞሮ የሄደው ቀድሞ ይደርሳል። እንደዚሁም ከመዶሻው አጠገብ ባሉት ጂኦፎኖች ዘንድ በአፈሩ ውስጥ በቀጥታ የመጣው ሞገድ ይቀድማል፤ ራቅ ባሉት ዘንድ ግን ወርዶ በድንጋዩ ጀርባ የሮጠው ሞገድ ቀድሞ ይገኛል። ቀዳሚነቱ የሚለዋወጥበት ርቀት ከታወቀ የድንጋዩን ጥልቀት ማስላት ይቻላል።

ለ. የናሙና መሠረታዊ ሕግ

ሞገድ ያለማቋረጥ የሚፈስ ነገር ነው፤ መሣሪያው ግን ያለማቋረጥ አይመዘግብም። በየተወሰነ ጊዜና በየተወሰነ ርቀት ቁጥር ይይዛል። ለምሳሌ በየ2 ሚሊ ሴኮንዱ የሚመዘግብ መሣሪያ በ1 ሴኮንድ 500 ቁጥሮች ይጽፋል። 48 ጂኦፎኖች ለ2 ሴኮንድ ቢያዳምጡ ከአንድ የመዶሻ ምት 48,000 ቁጥሮች ይገኛሉ። 1,000 ጂኦፎኖች ለ6 ሴኮንድ ቢያዳምጡ ደግሞ ከአንድ ምት 3,000,000 ቁጥሮች ይሰበሰባሉ። ይህን ሁሉ መመዝገብ፣ ማጓጓዝና ማስላት ገንዘብ፣ ጊዜና የሰው ጉልበት ይጠይቃል።

ስለዚህ ቁጥሮቹን ለመቀነስ የሚቻለው እስከ የት ድረስ ነው? ለዚህ መልስ የሚሰጠው ሕግ በመገናኛ ምሕንድስና ውስጥ የተገኘ ነው። ሃሪ ናይክዊስት በ1928፣ ቭላዲሚር ኮተልኒኮቭ በ1933፣ ክሎድ ሻነን በ1949 ባወጧቸው ጽሑፎች ሐሳቡ ተብራርቷል። በአጭሩ፣ አንድን ሞገድ በእኩል ርቀት በተወሰዱ ናሙናዎች ሳይዛባ ለመያዝ ከአጭሩ የሞገድ ርዝመት ውስጥ ከሁለት የሚበልጡ ናሙናዎች መወሰድ አለባቸው። በየ2 ሚሊ ሴኮንዱ የሚመዘግብ መሣሪያ በሴኮንድ ከ250 ጊዜ በታች የሚርገበገበውን ሞገድ በትክክል ይይዛል፤ ከዚያ በላይ የሆነውን ግን ያዛባል።

በርቀትም እንዲሁ ነው። የሞገድ ርዝመት የሚገኘው ፍጥነትን ለድግግሞሽ በማካፈል ነው። በመሬት ገጽ ላይ በሴኮንድ 600 ሜትር የሚጓዝና በሴኮንድ 30 ጊዜ የሚርገበገብ ሞገድ ርዝመቱ 20 ሜትር ነው። ስለዚህ ጂኦፎኖቹ ከ10 ሜትር ባነሰ ርቀት ካልተቀመጡ ይህ ሞገድ በትክክል አይመዘገብም። በባዛልት ውስጥ በሴኮንድ 5,000 ሜትር የሚጓዝና 50 ጊዜ የሚርገበገብ ሞገድ ግን ርዝመቱ 100 ሜትር ስለሆነ ለአግድም ጉዞው ከ50 ሜትር ትንሽ ያነሰ ርቀት ይበቃዋል። እንግዲህ ተገቢው ርቀት የሚወሰነው በመሣሪያው ብዛት ሳይሆን በሚጠበቀው ሞገድ ዓይነት ነው ማለት ነው።

ሐ. ሕጉ ሲጣስ የሚመጣው የሐሰት ምስል

ናሙና ሲያንስ የሚከተለው ጉዳት ዝርዝር ነገር መጉደሉ ብቻ ቢሆን ኖሮ አደጋው ቀላል በሆነ ነበር። እውነቱ ግን ከዚህ የከፋ ነው። የተራራቁ ናሙናዎች በመሬት ውስጥ የሌለ ሞገድ ይፈጥራሉ። አጭሩ ሞገድ ረጅም መስሎ ይታያል፤ የሌለ ተዳፋት ያለ ይመስላል። ተመራማሪውም ጉድለት እንዳለበት ሳያውቅ የተሟላ መስሎ የሚታይ የተሳሳተ ምስል ይዞ ይመለሳል።

መምህራን ይህን ከራሳቸው ሥራ ሊረዱት ይችላሉ። ለምሳሌ ያህል 40 ተማሪዎች የተመዘገቡበት አንድ ክፍል አለ እንበል። ማክሰኞ በአካባቢው ገበያ የሚቆምበት ቀን በመሆኑ ብዙ ልጆች ወላጆቻቸውን ለመርዳት ይቀራሉ። ከሰኞ እስከ ዓርብ የሚገኙት ተማሪዎች 38፣ 25፣ 37፣ 38 እና 36 ቢሆኑ የሳምንቱ አማካይ ከ35 ጥቂት ያነሰ ነው። ተቆጣጣሪው በየሳምንቱ ማክሰኞ ብቻ እየመጣ ዓመቱን ሙሉ ቢቆጥር ግን በየጊዜው 25 ገደማ ያገኛል። መዝገቡ ሥርዓት ያለው፣ ቁጥሩም የማይዋዥቅ ስለሚሆን የሚያጠራጥር ነገር አይታይበትም። ሆኖም ከዚህ መዝገብ የሚነሣው ውሳኔ ሁሉ የተሳሳተ ይሆናል። ተቆጣጣሪው 30 ጊዜ መጣ ወይም 60 ጊዜ መጣ፣ ስሕተቱ አይታረምም፤ የናሙናው እርምጃ ከገበያው ዑደት ጋር ገጥሟልና።

መ. ጥያቄው ርቀቱን ይወስናል

ለሁሉም ጥናት የሚያገለግል አንድ ትክክለኛ ርቀት የለም። ይህን በኢትዮጵያ ከተደረጉ ሁለት ጥናቶች መረዳት ይቻላል።

የመጀመሪያው በጃንዋሪ 2003 በስምጥ ሸለቆው ሰሜናዊ ክፍልና በአዋሳኝ ደጋዎች ላይ የተደረገው ኢግል በሚል አጭር ስም የሚታወቀው ጥናት ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ የብሪታንያና የአሜሪካ ተመራማሪዎች የተባበሩበት ይህ ሥራ ከ1,000 በላይ የንዝረት መመዝገቢያዎች ተዘርግተውበታል። ከዋና መስመሮቹ አንዱ ሸለቆውን ተከትሎ፣ ሌላው ሸለቆውን አቋርጦ ከሰሜን ምዕራቡ ደጋ እስከ ደቡብ ምሥራቁ ደጋ የሚዘልቅ ሲሆን፣ እያንዳንዳቸው ወደ 400 ኪሎ ሜትር ይረዝሙ ነበር። በመስመሮቹ ላይ መሣሪያዎቹ በ1 ኪሎ ሜትር ገደማ ተራርቀዋል። ጥያቄው በአሥር ኪሎ ሜትሮች የሚቆጠረው የመሬት ቅርፊት ውፍረት ስለነበረ ይህ ርቀት በቂ ሆኗል። በውጤቱም ቅርፊቱ በሰሜን ምዕራቡ ደጋ ሥር ከ40 ኪሎ ሜትር እንደሚበልጥ፣ ሸለቆውን ተከትሎ ወደ አፋር ሲቀርብ ግን ወደ 26 ኪሎ ሜትር እንደሚሳሳ ታውቋል።

ሁለተኛው በደቡብ ጎንደር ደጃፍ በጣና ሐይቅ ላይ የተደረገ ነው። ውጤቱ በ2007 የታተመው ይህ ጥናት ለጥልቅ ቅርፊት ሳይሆን በሐይቁ ወለል ሥር ስለተከማቸው ደለል የተደረገ ሲሆን፣ ጥራት ያለው የነጸብራቅ ምዝገባ ተጠቅሟል። በደለሉ ውስጥ አራት ጉልህ አንጸባራቂ ድንበሮች ተለይተዋል። ከእነርሱ የላይኛው ሐይቁ በደረቀበት ዘመን የተፈጠረ ጠንካራ ገጽ መሆኑ ከሐይቁ ዳር በወጡ የደለል ናሙናዎች ተረጋግጧል። ከጥልቁ ቦታ የወጣው ናሙና ደግሞ ከ16,700 ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮ በሐይቁ መካከል ጥልቀት የሌለው ውኃና የደንገል ረግረግ እንደነበረ፣ ከ14,750 ዓመት ገደማ በፊትም ሐይቁ ሞልቶ ወደ ዓባይ መፍሰስ እንደጀመረ አስረድቷል። በዚህ ጥናት ላይ የ1 ኪሎ ሜትር ርቀት ቢሠራበት ኖሮ በደረቀው ወለል ላይ የተቆረጡት የጥንት የወራጅ ውኃ ቦዮች ባልታዩ ነበር።

ከጣናው ጥናት ሌላም ትምህርት ይገኛል። ርካሹና ፈጣኑ የንዝረት ምዝገባ ሰፊ ቦታ ይሸፍናል፤ ውዱና አድካሚው የደለል ቁፋሮ በጥቂት ቦታዎች ላይ ብቻ ይደረጋል፤ አንዱም ሌላውን ይተረጉማል። ይህ ባለ ሁለት ደረጃ ናሙና ከቁጠባ ዘዴዎች ሁሉ ቀዳሚው ነው።

አነስተኛ ጥናትም ከዚህ ሕግ አያመልጥም። በአንድ ግቢ ውስጥ አፈሩ ሞገድን በሴኮንድ 500 ሜትር፣ ከሥሩ ያለው ድንጋይ በሴኮንድ 4,500 ሜትር ያስኬዳሉ እንበል። ቀዳሚነቱ የሚለዋወጠው ከምቱ 20 ሜትር ላይ ቢሆን የድንጋዩ ጥልቀት ወደ 9 ሜትር ይሆናል። ጂኦፎኖቹ በየ5 ሜትሩ ከተቀመጡ በአፈሩ ውስጥ የሚጓዘው ሞገድ በሚገባ ይመዘገባል። በየ25 ሜትሩ ከተቀመጡና የመጀመሪያው መድረሻ ጊዜ ብቻ ከተነበበ ግን የመጀመሪያው ጂኦፎን እንኳ የሚያዳምጠው ከድንጋዩ የመጣውን ሞገድ ነው። የአፈሩ ፍጥነት ሳይለካ ይቀራል፤ ባለሙያውም ለመገመት ይገደዳል። ፍጥነቱን 1,000 ሜትር ብሎ ቢገምት ስሌቱ ጥልቀቱን ወደ 18 ሜትር ያደርሰዋል፤ ይህም ከእውነተኛው እጥፍ ነው። መድኃኒቱ ብዙ መሣሪያ መጨመር ሳይሆን ያሉትን ከምቱ አጠገብ ማቀራረብና እየራቁ ሲሄዱ ማራራቅ ነው።

ሠ. የቁጠባ ዘዴዎች

ናሙናን ለመቆጠብ ሁለት ዐቢይ ዘዴዎች አሉ።

የመጀመሪያው መድገምን በልክ ማድረግ ነው። ነፋስ፣ የመኪና ጉዞና የእንስሳት እርምጃ በምዝገባው ላይ ሁከት ይጨምራሉ። አንድን ቦታ ደጋግሞ መትቶ ውጤቱን መደመር ሁከቱን ያዳክማል፤ ምክንያቱም ትክክለኛው ሞገድ ሁልጊዜ በአንድ ሁኔታ ሲመጣ ሁከቱ ግን አንድ ጊዜ ወደ ላይ፣ አንድ ጊዜ ወደ ታች ስለሚሆን እርስ በርሱ ይጣፋል። በ1950ዎቹ ሃሪ ሜይን ያስተዋወቀው ዘዴ ይህን ሐሳብ አስፍቶ አንድን የከርሰ ምድር ነጥብ ከተለያዩ የምትና የመቀበያ ቦታዎች ደጋግሞ ለማየት አስችሏል። ይሁን እንጂ ጥቅሙ በድግግሞሹ ልክ አያድግም፤ የሚያድገው በካሬ ሥሩ ነው። 4 ምት ጥራቱን 2 ጊዜ፣ 16 ምት 4 ጊዜ፣ 64 ምት 8 ጊዜ ያሻሽላል። ከ16 ወደ 64 ለመድረስ 48 ተጨማሪ ምቶች ያስፈልጋሉ፤ ትርፉ ግን እጥፍ ብቻ ነው። የአንድ ጥናት ዐቃጅ ከየት ላይ መቆም እንዳለበት የሚያውቀው በዚህ ስሌት ነው።

ሁለተኛው ዕጣን በሥርዓት መጠቀም ነው። በ2006 ኢማኑኤል ካንዴስ፣ ጀስቲን ሮምበርግና ቴረንስ ታኦ፣ በዚያው ዓመትም ዴቪድ ዶኖሆ ባሳተሟቸው ጽሑፎች፣ የሚፈለገው ነገር በጥቂት መሠረታዊ ሞገዶች ሊገለጽ የሚችል ከሆነ ቀደም ሲል ከተጠቀሰው ሕግ ባነሱ ናሙናዎችም ሊታወቅ እንደሚችል በሒሳብ አረጋግጠዋል። ለዚህም ናሙናዎቹ በእኩል ርቀት ባይሰለፉ ይመረጣል። በእኩል ርቀት የተራራቁ ናሙናዎች የሐሰቱን ሞገድ ከእውነተኛው ጋር እኩል አጉልተው ሲያሳዩ፣ በዕጣ የተበተኑት ግን ሐሰቱን ወደ ደካማ ሁከት ይለውጡታል። እውነተኛው ሞገድ ከሁከቱ በላይ ጎልቶ ስለሚወጣ በስሌት ይለያል።

ነገር ግን ዕጣ ያለ ገደብ ከተለቀቀ ነጥቦቹ በአንድ በኩል ሊታጨቁ፣ በሌላ በኩል ሰፊ ባዶ ቦታ ሊተዉ ይችላሉ። ዢል ሄነንፈንትና ፌሊክስ ኸርማን በ2008 ለንዝረት ጥናት ያቀረቡት መፍትሔ መስመሩን በእኩል ክፍሎች ከፍሎ በየክፍሉ ውስጥ አንድ ነጥብ በዕጣ መምረጥ ነው። በዚህ መንገድ ዕጣው የሐሰትን ዑደት ሲሰብር ክፍፍሉ ደግሞ ባዶ ቦታ እንዳይሰፋ ይጠብቃል።

ይህ ዘዴ ግን ወሰን አለው። የከርሰ ምድሩ ሁኔታ እጅግ የተወሳሰበ ከሆነ ጥቂት ናሙና አይበቃም። የእያንዳንዱ ነጥብ ቦታም በትክክል መለካት አለበት፤ ቦታው ያልታወቀ ናሙና ለስሌት አይረዳምና።

ረ. የደጋው ልዩ ጠባይ

በደቡብ ጎንደር ደጋ ላይ በወረቀት የተነደፈውን መስመር እንዳለ በመሬት ላይ መዘርጋት አስቸጋሪ ነው። ገደልና ሸለቆ መስመሩን ይቆርጣሉ። ከባድ ተሽከርካሪ በማይደርስበት ቦታ ቀላል የንዝረት ምንጭ መጠቀም ግድ ይሆናል። የተዘራ ማሳ ሊረገጥ አይገባም፤ በክረምት የፎገራ ሜዳ ውኃ ይተኛበታል። በከፍታ ላይ ነፋስ ሲበረታ ጂኦፎኖቹን በአፈር መቅበርና ጸጥታ በሚሆንበት በማለዳ መመዝገብ ይመረጣል።

በዚህ ሁሉ ምክንያት መስመሩን በመኪና መንገድ ዳር ብቻ የመዘርጋት ፈተና ይመጣል። መንገድ ግን በዘፈቀደ የተቀመጠ ነገር አይደለም፤ የተራራ ጀርባን፣ የሸለቆ ወለልን ወይም ለስላሳ ተዳፋትን ይከተላል። በመንገድ ዳር ብቻ የተሰበሰበ ናሙና መንገድ ሊያልፍበት የሚችለውን መሬት እንጂ አገሩን አይወክልም።

ከዚህ በላይ ባዛልቱ ራሱ እንቅፋት ነው። ንጣፍ በንጣፍ ላይ የተደራረበውና የተሰነጣጠቀው ድንጋይ ሞገዱን ስለሚበትነው ከሥሩ ያለውን ደለላዊ አለት በንዝረት ብቻ አጥርቶ ማየት ያዳግታል። በመሆኑም ሌላ ዘዴ ተጨምሮ ሊሠራበት ይገባል። ውጤቱ በ2006 የታተመ አንድ ጥናት የመሬትን ኤሌክትሪካዊና መግነጢሳዊ ጠባይ በተመረጡ ጣቢያዎች በመለካት፣ በጣና አካባቢ በባዛልቱ ሥር በአማካይ ከ1.5 እስከ 2 ኪሎ ሜትር የሚወፍር ደለላዊ አለት እንዳለ አመልክቷል። በዚያ አካባቢ የባዛልቱ ውፍረት ከ0 እስከ 250 ሜትር መሆኑም ተገልጿል። ዓይነቱ የተለየ ጥቂት ናሙና አንዳንድ ጊዜ ዓይነቱ አንድ ከሆነ ብዙ ናሙና የሚበልጠው ስለዚህ ነው።

ሰ. በክፍል ውስጥ የሚሠራ መልመጃ

የናሙናን ሕግ ለማስተማር ጂኦፎን አያስፈልግም። ጠመኔ፣ ማስመሪያና ሰባት ቁራጭ ወረቀት ይበቃሉ። መምህሩ ርዝመቱ 8 ሳንቲ ሜትር፣ ከፍታው 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሞገድ ያስባል። ከ0 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር ባሉት ነጥቦች ላይ የሞገዱ ከፍታ በቅደም ተከተል 0፣ 7.1፣ 10፣ 7.1፣ 0፣ -7.1፣ -10 እና -7.1 ይሆናል፤ ከ8 ጀምሮ ያው ይደጋገማል። በሰሌዳው ላይ 112 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም አግድም መስመር ይሰመራል። ሞገዱ ራሱ ግን ለተማሪዎቹ አይገለጽም።

1ኛ. ተማሪዎች በየ2 ሳንቲ ሜትሩ ያለውን ከፍታ ከመምህሩ እየጠየቁ ነጥብ ያሳርፉና ያያይዛሉ። 14 ሞገዶች ይወጣሉ። ይህ ትክክለኛው ነው።

2ኛ. በሌላ መስመር ላይ በየ7 ሳንቲ ሜትሩ ብቻ ይጠይቃሉ። ከፍታዎቹ 0፣ -7.1፣ -10፣ -7.1፣ 0፣ 7.1፣ 10፣ 7.1 እያሉ ይሄዳሉ። ነጥቦቹ ሲያያዙ እያንዳንዳቸው 56 ሳንቲ ሜትር የሚረዝሙ 2 የተዋቡ ሞገዶች ይታያሉ። እንዲህ ያለ ሞገድ ግን የለም።

3ኛ. መስመሩ እያንዳንዱ 7 ሳንቲ ሜትር በሆነ 16 ክፍል ይከፈላል። ከ1 እስከ 7 ከተጻፈባቸው ወረቀቶች አንዱ ለየክፍሉ በዕጣ ይወጣል፤ ወረቀቱ ከእያንዳንዱ ዕጣ በኋላ ይመለሳል። የወጣው ቁጥር ከክፍሉ መነሻ ተቆጥሮ ነጥቡ ይያዛል። ከዚያ በኋላ የ8 ሳንቲ ሜትሩና የ56 ሳንቲ ሜትሩ ሞገዶች በነጥቦቹ ላይ ይሳሉ። የሐሰቱ ሞገድ ብዙዎቹን ነጥቦች ይስታል፤ እውነተኛው ግን በሁሉም ላይ ያልፋል።

በሁለተኛውና በሦስተኛው ሥራ መካከል የነጥቦቹ ብዛት ተመሳሳይ መሆኑን ተማሪዎች ራሳቸው እንዲያስተውሉ ማድረግ ይገባል። ልዩነቱን ያመጣው አቀማመጡ ነው። መምህሩ በመጨረሻ ብዙ ሞገዶች የተቀላቀሉበትን ምሳሌ ቢጨምር 16 ነጥቦች የማይበቁበት ጊዜ እንዳለም ይረዳሉ።

ሸ. ለትምህርት ዐቃጆች የሚሆን ግንዛቤ

የናሙና ጉድለት በታሪክ መዝገብ ላይም ይታያል። የአዲስ አበባ ጂኦፊዚካል ኦብዘርቫቶሪ መሥራች የነበሩት ፒየር ጉዌን በ1979 በታተመው መጽሐፋቸው የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ ሲያጠናቅሩ፣ መሣሪያ ከመኖሩ በፊት ላለው ዘመን ዜና መዋዕሎችንና የተጓዦችን ማስታወሻዎች ተጠቅመዋል። ጸሐፊ ባለበት ከተማ ወይም ገዳም የተሰማው ንዝረት ይመዘገባል፤ ጸሐፊ በሌለበት ቆላ የደረሰው ግን ሳይጻፍ ይቀራል። ስለዚህ በመዝገብ ያልተገኘ ነገር ሁሉ አልደረሰም ማለት አይደለም።

የትምህርት ዕቅድም ይህን አደጋ ይጋራል። ስለ አንድ ዞን ትምህርት ቤቶች ሁኔታ ለማወቅ የሚወጣ ቡድን በአስፋልት ዳር ያሉትን ብቻ ቢጎበኝ ከወረታ ወደ ጋይንት በሚወስደው መንገድ ላይ የሚያየው ትምህርት ቤት በሸለቆ ማዶ ያለውን አይወክልም። ከዚህ ቀደም የተገለጹት ዘዴዎች ግን ለዚህም ሥራ ያገለግላሉ። ትምህርት ቤቶቹ በመጀመሪያ በደጋ፣ በወይና ደጋና በቆላ፣ እንዲሁም ከመንገድ ባላቸው ርቀት ይከፈሉ፤ ከዚያም ከየክፍሉ በዕጣ ይመረጡ። የጉብኝቱም ቀን እንዲሁ በዕጣ ይለያይ። በሁሉም ትምህርት ቤቶች ዘንድ አጭር መጠይቅ ይሙላ፤ በዕጣ በተመረጡት ጥቂቶች ዘንድ ደግሞ ጥልቅ ምርመራ ይደረግ። የተጎበኙትን ቁጥር ከማብዛት በፊት ያልተጎበኙት በምን እንደሚለዩ ይጠየቅ።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደተብራራው የናሙና ቁጠባ ማለት ሥራን ማሳነስ ማለት አይደለም። ጥያቄን አስቀድሞ ማጥራት፣ ለጥያቄው የሚስማማውን ርቀት ማስላት፣ ድግግሞሽን በልኩ መወሰን፣ ልማድና መንገድ በሚስቡበት ቦታ ዕጣን መጠቀም ማለት ነው። በ9 ሜትር ጥልቀት ያለው ድንጋይ በ18 ሜትር ነው ተብሎ ቢታቀድ የሚባክነው የሕዝብ ገንዘብ ነው። በገበያ ቀን ብቻ የተቆጠረ ክፍልም ሰነፍ ተብሎ ቢመዘገብ የሚበደሉት ልጆቹ ናቸው። መምህሩ በጠመኔና በሰባት ቁራጭ ወረቀት የሚያሳየው ትምህርት ከፊዚክስ ክፍል ውጭም የሚያገለግል በመሆኑ፣ በሒሳብ፣ በጂኦግራፊና በሳይንስ ትምህርቶች ውስጥ ተገቢ ቦታ ሊሰጠው ይገባል።